እንቆቅልሽ በክፍል ውስጥ



በጉና ተራራ ሥርና በደብረ ታቦር ዙሪያ ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የሚያውቁት የቃላት ጨዋታ አላቸው፤ ማታ ምድጃ ዳር የሚጫወቱት እንቆቅልሽ ነው። አንዱ «እንቆቅልህ» ሲል ሌላው «ምን አውቅልህ» ይላል። መልሱ ከጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል።

ጠያቂው የነገሩን ስም ሳይጠራ መግለጽ ስላለበት መልኩን፣ ቦታውንና ጥቅሙን የሚነግሩ ቃላት ይፈልጋል። መላሹም እያንዳንዱን ቃል ይመዝናል። ከሰሌዳ ገልብጦ መጻፍ ይህን አያስተምርም።

በክፍል ውስጥ መምህሩ ድንች በከረጢት ይደብቅ። አንድ ልጅ ብቻ አይቶ «ከአፈር ሥር ያድጋል፤ ዓይን አለው፤ ግን አያይም» ይበል፤ ሌሎቹ ይገምቱ። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በሚሰጠው በእንግሊዝኛም፣ ጥቂት ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፎ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። ተማሪው ብዙ ከሆነ አራት አራት ሆነው ይጫወቱ፤ አለዚያ ደፋሮቹ ብቻ ይናገራሉ።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በልማዱ አገር የተሰጠው ጠያቂ ተሸናፊውን በቀልድ ይሰድባል። ይህ በክፍል ይቅር፤ የተሰደበ ዓይን አፋር ልጅ ዳግመኛ አፉን ላይከፍት ይችላል። በስድቡ ፈንታ ተሸናፊው አዲሱን ቃል በዓረፍተ ነገር ያስገባ።

ጨዋታው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የመምህሩን ትዕግሥት ነው። ደብተርና ጠመኔ ስትለግሱ መምህራኑንም አበረታቱ።