ማትና የኢሜይል ሊንክ

በድረ ገጾች ግርጌ «ያግኙን» የሚል ሊንክ አይጠፋም። ሲጫኑት የተቀባዩ አድራሻ የተሞላበት ባዶ ደብዳቤ ይከፈታል። ፖስታውን ተርሚናል ላይ የሚያነብ ሰው ግን አንዳንዴ ነክቶት የማያውቀው ፕሮግራም ብቅ ይልበታል፤ አንዳንዴም ምንም አይመጣለትም። ኮምፒዩተሩ ሊንኩን ለማን እንደሚያስረክብ ስላልተነገረው ነው።

ማት፣ ማይክል ኤልኪንስ በ1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የጀመረው፣ ተርሚናል ላይ የሚሠራ የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ማውስ አይፈልግም፤ አዲስ ደብዳቤ ለመጀመር ኤምን፣ ለመመለስ አርን መንካት ይበቃል። ደብዳቤው የሚጻፈው እንደ ቪም ወይም ኢማክስ ባለ፣ ባለቤቱ በመረጠው የጽሑፍ ፕሮግራም ነው። ለጽሑፍ ሰው ይህን ያህል የሚመች ሌላ የኢሜይል ፕሮግራም አላየሁም።

ሊንኩም ቢሆን ጽሑፍ ነው። «ሜይልቱ» ብሎ ይጀምራል፣ አድራሻው ይከተላል፣ ከጥያቄ ምልክት በኋላ ርዕስና የደብዳቤው ሐሳብ ሊጨመርበት ይችላል። አሁን የሚሠራበት ደንብ፣ አርኤፍሲ 6068፣ በ2010 ወጣ። በዚህ ደንብ የግእዝ ፊደል እንዳለ አይገባም፤ እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ በፐርሰንት ምልክት ሲጻፍ ዘጠኝ ቦታ ይወስዳል። «ሰላም» ብቻውን 27 ይሆናል ማለት ነው። ማት ይህን ፈትቶ በአማርኛ ያቀርበዋል።

ሊነክስ ላይ ሥራው አንድ አጭር ፋይል መጻፍ ነው። ፋይሉ የስሙ መጨረሻ «ዴስክቶፕ» ሆኖ፣ በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ በተሰወረው «ሎካል»፣ ከዚያ «ሼር»፣ ከዚያ «አፕሊኬሽንስ» ሥር ይቀመጣል። የማስነሻው መስመር የማትን ስም ይይዛል፤ ከስሙ ቀጥሎ ፐርሰንትና ዩ ይጻፋሉ፣ ሊንኩ የሚገባው በእነሱ ቦታ ነውና። ሌላ መስመር ፕሮግራሙ የሜይልቱ ሊንክ እንደሚቀበል ይናገራል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ተርሚናል እንደሚያስፈልግ የሚገልጸውን መስመር ነው። እሱ ከሌለ ማት የሚታይበት መስኮት አያገኝም፤ ተነሥቶ ወዲያው ይዘጋል፣ ተጠቃሚውም ሊንኩ የተበላሸ ይመስለዋል። መስመሩ ተጽፎም ካልሠራ፣ ዴስክቶፑ የሚጠቀሙበትን ተርሚናል አያውቀውም ይሆናል፤ ያኔ የተርሚናሉን ስም ከማት በፊት በማስነሻው መስመር ላይ መጻፍ ነው። ከዚያ ኤክስዲጂ-ማይም በተባለው ትእዛዝ ማትን የሜይልቱ ተቀባይ አድርጎ መሾም፣ ፋየርፎክስ ውስጥም በሴቲንግ ገጹ ላይ የሲስተሙን ምርጫ እንዲከተል ማድረግ ይቀራል።

አደጋም አለ። በ2020 የጀርመን ተመራማሪዎች፣ በክፋት የተዘጋጀ ሊንክ በአንዳንድ የታወቁ የኢሜይል ፕሮግራሞች የተጠቃሚውን የግል ፋይል ከደብዳቤው ጋር እንደሚያያይዝ አሳይተዋል። ተጠቃሚው ካላስተዋለ ምስጢሩን በራሱ እጅ ይልካል። ማት ከሊንኩ የሚቀበለው እንደ ርዕስና ሐሳብ ያሉ በስም የተፈቀዱ ክፍሎችን ብቻ ነው። ዝርዝሩን ማስፋት ይቻላል፤ ኮከብ ምልክት አስገብቶ ሁሉንም መፍቀድ ግን በፍጹም አልመክርም። ከመላክ በፊት ማት ተቀባዮቹንና የተያያዙ ፋይሎችን ዘርዝሮ ያሳያል፤ ዋይ እስኪነካ ድረስም ደብዳቤው አይሄድም።