ታዳጊ የሚያበቁ አሠልጣኞች

በስፖርት ዓለም የአሠልጣኝ ዝና አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ባስገኘው ዋንጫና ሜዳሊያ ብዛት ቢሆንም፣ የተዘጋጀ ስፖርተኛ ተቀብሎ ለድል ማድረስና ማንም ያላወቀውን ልጅ ከመነሻው ይዞ፣ አብቅቶ ለሌላ አሠልጣኝ ማስረከብ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸው ይዘነጋል። የመጀመሪያው ሙያ የውድድር ስልትን፣ የሰዓትን ስሌትና ጠንካራ ዲሲፕሊንን ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ግን ለመምህርነት የቀረበ ነው፤ ምክንያቱም የድካሙ ውጤት የሚታየው ልጁ ከእጅ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ሜዳሊያው አንገት ላይ በሚጠለቅበት ሰዓት የመጀመሪያው አሠልጣኝ ብዙውን ጊዜ ቴሌቪዥን ፊት እንጂ ስታዲየም ውስጥ አይገኝም። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለተኛውን ሙያ ነው፤ የሚከራከረውም ይህ ችሎታ ከተፈጥሮ ስጦታ ይልቅ በወጣትነት ከተቀሰመ የማስተማር ትምህርትና በአንድ ቦታ ከመቆየት የሚመነጭ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ነገሩን በግልጽ ለማየት ከሩጫ ራቅ ብሎ ወደ አሜሪካ እግር ኳስ መሻገር ይጠቅማል። ይህ ጨዋታ በኢትዮጵያ እግር ኳስ ከሚባለው ጋር ከስሙ በቀር ብዙ ዝምድና የለውም፤ ሞላላው ኳስ በአብዛኛው በእጅ ይወረወራል፣ በእጅ ይያዛል፣ ጨዋታውም ከጥቂት ሰከንዶች እንቅስቃሴ በኋላ እየቆመ እንደገና ይጀመራል። ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች በእያንዳንዱ እንቅስቃሴ መጀመሪያ ኳሱን ተቀብሎ፣ ተጋጣሚዎቹ ሊጥሉት እየተንደረደሩበት፣ በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ ውስጥ ለየትኛው ጓደኛው እንደሚወረውር የሚወስን ሰው ነው። ቡድኑ በሙሉ የሚሠራው በእሱ ውሳኔ ላይ ስለሆነ፣ ጥሩ ኳርተርባክ ማፍራት የሚችል አሠልጣኝ በዚያ አገር እንደ ብርቅ ይታያል።

ከእነዚህ አሠልጣኞች መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ቢል ዋልሽ እ.ኤ.አ. በ1931 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተወልዶ በሳን ማቴዮ ኮሌጅ ኳርተርባክ ሆኖ ተጫውቷል፤ ከዚያም ወደ ሳን ሆዜ ስቴት ተሻግሮ የተማረው ትምህርት የሰውነት ማጎልመሻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለተኛ ዲግሪውን ያገኘውም በዚሁ የትምህርት ዘርፍ ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የጨዋታው አሰላለፍና መከላከያው ነበር። ሌላው ተጫዋች ጡንቻውን በሚያጠነክርበት ዕድሜ እሱ ጨዋታውን እንደ ትምህርት ርእስ ከፋፍሎ መጻፍ ለመደ። የመጀመሪያ የዋና አሠልጣኝነት ሥራውም በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለነበር፣ ዋልሽ ለባለሙያዎች ከመድረሱ በፊት ልጆችን አስተምሯል።

የዚህ አመጣጥ ፍሬ የታየው በሲንሲናቲ ቤንጋልስ ረዳት አሠልጣኝ በነበረበት ጊዜ ነው። ቡድኑ ክንደ ብርቱውን ኳርተርባክ ግሬግ ኩክን በትከሻ ጉዳት ሲያጣ፣ በምትኩ የተገኘው ቨርጂል ካርተር ኳስ ርቆ መወርወር የማይሆንለት ሰው ነበር። ዋልሽ የሌለውን ክንድ ከመመኘት ይልቅ ያለውን አእምሮ ተጠቀመበት፤ ኳሱ አጭር ርቀት እንዲጓዝ፣ ተቀባዮቹ በተቆጠረ እርምጃ የታወቀ ቦታ ላይ እንዲደርሱ፣ ወርዋሪውም የእግሩን እርምጃ ከእነሱ እርምጃ ጋር እንዲያስተካክል አደረገ። የኳርተርባክ ሥራ በክንድ የሚሠራ ቢመስልም ዋልሽ ያስተማረው እግርን ነበር፤ ሦስት ወይም አምስት እርምጃ ወደኋላ፣ ከዚያ ውርወራ። በኋላ የሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲ ናይነርስ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ፣ ቡድኖች ተራ በተራ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1979 ሰማንያ ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠውን ጆ ሞንታናን ይዞ፣ የዚያ ስፖርት ትልቁን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሦስት ጊዜ አነሣ። ሰማንያ አንድ ጊዜ የታለፈ ልጅ ውስጥ ያለውን ማየት ዕድል ብቻ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ የዋልሽ አምሳያ የሚገኘው በእግር ኳስ ሜዳ ሳይሆን በአርሲ ደጋ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በቆጂ ነው። በእግር ኳስ ታሪካችን ውስጥ እነ ይድነቃቸው ተሰማን የመሰሉ ታላላቅ ሰዎች ቢኖሩም፣ ታዳጊን ከሜዳ አንሥቶ ለዓለም በማብቃት ረገድ ከአሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ጋር የሚስተካከል ስም ማግኘት ይከብዳል። አሠልጣኝ ስንታየሁ በበቆጂ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ የስፖርት መምህር ማለት በዚያ ዘመን የልጆችን ሰልፍ የሚያስተካክል፣ ጂምናስቲክ የሚያሠራ፣ ኳስ ሲኖር ኳስ የሚያጫውት፣ ሳይኖር ደግሞ የሚያስሮጥ ሰው ነው። ሩጫ መሣሪያ የማይጠይቅ ስለሆነ ድሃ ትምህርት ቤት ሊያስተምረው የሚችለው ብቸኛ የኦሊምፒክ ስፖርት ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሜዳ የወጡትን ስሞች አንድ ላይ መዘርዘር ለማመን ያስቸግራል። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ባለወርቅ ሆነች፤ ፋጡማ ሮባ በ1996 የአትላንታን ማራቶን አሸነፈች፤ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ እኅቶቿ እጅጋየሁና ገንዘቤ፣ እንዲሁም በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊዋ ቲኪ ገላና ሁሉም ከዚያችው ከተማና ከአካባቢዋ የተገኙ ናቸው። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ በወንዶችም በሴቶችም የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆች አራቱም የተወሰዱት በሁለት የበቆጂ ልጆች፣ በቀነኒሳና በጥሩነሽ፣ ነበር። እንግሊዛዊው የፊልም ባለሙያ ጄሪ ሮትዌል በ2012 ለዕይታ ያበቃው ዘጋቢ ፊልምም ከተማዋን የሯጮች ከተማ ብሎ የሰየማት በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ውጤት በመጀመሪያ የሚሰጠው ምክንያት ከፍታው ነው። በደጋ አየሩ ስስ በመሆኑ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነትም ይህን ለማካካስ፣ በአብዛኛው ከኩላሊት በሚመነጨው ኤሪትሮፖይቲን በተባለ ሆርሞን አማካይነት፣ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል። ማብራሪያው ትክክል ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። ኢትዮጵያ ውስጥ ደጋ ሞልቷል፤ በእግሩ ብዙ መንገድ ተጉዞ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅም እንዲሁ፤ ከፍታው ብቻውን ሯጭ የሚያፈራ ቢሆን ኖሮ የስሜንና የጉና ተራሮች፣ የጮቄ ግርጌ ወረዳዎችም እያንዳንዳቸው በቆጂ በሆኑ ነበር። በቆጂን የለየው በዚያ ከፍታ ላይ አንድ ሰው ለአሥርት ዓመታት ሳይለቅ መቆየቱ ነው፤ ከደራርቱ ትውልድ እስከ ገንዘቤ ትውልድ ያለው ጊዜ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋ ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጆቹን ሜዳ ላይ የተቀበላቸው ያው መምህር ነበር።

የአሠለጣጠኑን ጠባይ ለመረዳት በኢትዮጵያ ደጋ የሚዘወተረውን የጫካ ሩጫ ልብ ማለት ይበቃል። ልጆቹ ማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሣ፣ በባሕር ዛፍ መካከል አንድ መስመር ሠርተው ይሮጣሉ፤ ፊተኛው በዛፎቹ መካከል እየታጠፈና እየተጣመመ ሲመራ ኋለኞቹ እርምጃቸውን በእሱ እርምጃ ላይ ይጥላሉ። ሥር፣ ድንጋይና ቁልቁለት ስላለ ማንም ዓይኑን ከእግሩ መንቀል አይችልም፤ ፍጥነቱም ስለማይከር ልጆቹ ሳያውቁት ረጅም ርቀት ይሸፍናሉ። ይህ ልምምድ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ያስተምራል፤ ቁርጭምጭሚት ያጠነክራል፣ ከሌላው ጋር እኩል መራመድን ያስለምዳል፣ ዙሩን ማን እንደሚያከርና ማን እንደሚከተል መለየትንም ያሳያል። ጎን ቆሞ ለሚመለከት አሠልጣኝ ደግሞ እንደ ፈተና ወረቀት ነው፤ ትከሻው የተሰበሰበው፣ እጁ ደረቱን የሚያቋርጠው፣ ዳገቱ ላይ ተረከዙ የሚወድቀው ልጅ ወዲያው ይታያል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደክሞት እንኳ አረማመዱ የማይለወጠው ይታያል። ዋልሽ ክንድ ሳይሆን እግር እንዳስተማረ ሁሉ፣ ጥሩ የታዳጊ አሠልጣኝም ፍጥነትን ከመለካቱ በፊት አረማመድን ያስተካክላል።

ቀጣዩ የሙያው ክፍል፣ ምናልባትም ከባዱ፣ መልቀቅ ነው። በአገሪቱ አሠራር ታዳጊ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ውድድር ወጥቶ፣ ዓይን ከገባ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ ይቀጥረዋል። ደራርቱና ጥሩነሽ ለማረሚያ ቤቶች፣ ቀነኒሳ ለሙገር ሲሚንቶ ክለብ ሮጠዋል። የመጀመሪያው መምህር በዚህ ጊዜ ልጁን አጥቶ ሌላ ጀማሪ ይቀበላል። ከላይኛው ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው ነው፤ ሃንጋሪ ተምረው የተመለሱትና የብሔራዊ ቡድኑ ዋና አሠልጣኝ የነበሩት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ፣ በጥብቅነታቸውና ሯጮችን እንደ አንድ ቡድን በማሰለፋቸው ይታወቁ ነበር። በ2003 የፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ቀነኒሳ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ስለሺ ስህን ተከታትለው ሲገቡ የታየው፣ በተለምዶ አረንጓዴው ጎርፍ የሚባለው አሯሯጥ፣ የዚህ ዓይነቱ አመራር ፍሬ ነው። ዶክተር ወልደመስቀል እ.ኤ.አ. በ2016 ዐረፉ፤ ጋዜጦችም ተገቢውን ክብር ሰጧቸው። የወረዳ መምህራን ግን እንዲህ ያለ ዜና ዕረፍት የሚጻፍላቸው ከስንት አንድ ነው።

ነገሩ ለምዕራብ ጎጃም አንባቢ ሩቅ አይደለም። ቡሬና ፍኖተ ሰላም ራሳቸው ወይና ደጋ ላይ ቢሆኑም፣ ከሁለቱ ከተሞች ብዙ ሳይርቅ ግሽ ዓባይን ያቀፈው ሰከላ ደጋ ነው። በ2009 በበርሊን የዓለም ሻምፒዮና በ10,000 ሜትር ከሊኔት ማሳይና ከመሰለች መልካሙ ቀጥላ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘችው ውዴ አያሌው የሰከላ ልጅ ናት። በ2012 የመጀመሪያ ማራቶኑን በዱባይ በ2:04:23 ያሸነፈው አየለ አብሽሮ ደግሞ ከይልማና ዴንሳ የተገኘ ነው። ስለዚህ አካባቢው ሯጭ የማያፈራ አይደለም፤ የሚያፈራው ግን አልፎ አልፎ፣ አንድ አንድ እየሆነ ነው እንጂ እንደ በቆጂ በተከታታይ ትውልድ አይደለም።

ልዩነቱን በአንድ ምክንያት ብቻ መግለጽ ባይቻልም፣ የመምህራን ዝውውር ጉዳይ ከሚገባው በታች ተነሥቷል። ገጠር የተመደበ ወጣት የስፖርት መምህር ጥቂት ዓመት አገልግሎ ወደ ከተማ ለመዛወር ማመልከቱ የሚያስወቅሰው አይደለም፤ ኑሮው ያስገድደዋል። ይሁን እንጂ በ12 ዓመቷ ያያትን ልጅ በ16 ዓመቷ የማያያት መምህር ሯጭ ሊያወጣ አይችልም፤ የእሱ ተተኪም ከዜሮ ይጀምራል። ፍኖተ ሰላም የራሷ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያላት ከተማ መሆኗ በዚህ ረገድ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የአካባቢው ተወላጅ የሆነና እዚያው የሠለጠነ መምህር የመቆየት ዕድሉ ይሰፋል። ታዳጊ ፕሮጀክት የሚባሉት የወረዳ ማሠልጠኛዎችም ቢሆኑ ዋጋቸው የሚለካው በትጥቁና በባነሩ ሳይሆን፣ አሠልጣኙ በቦታው በቆየበት ዘመን ነው።

ሌላው ተስፋ ከራሳቸው ከሯጮቹ ወገን ይመጣል። የአየለ ታላቅ ወንድም ተሰማ አብሽሮ እሱም የማራቶን ሯጭ የነበረ ሲሆን፣ ታናሹ ወደ ሩጫ የገባው የእርሱን ፈለግ አይቶ ነው። ተሰማ ሩጫውን ካቆመ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት ተሻግሮ፣ በ2022 በ23 ዓመቷ የለንደንን ማራቶን በ2:17:26 ያሸነፈችውን ያለምዘርፍ የኋላውን ያሠለጥናል። የሚሠራው ግን እንደ አብዛኞቹ የማራቶን አሠልጣኞች በአዲስ አበባ ዙሪያ ነው፤ ክለቡም፣ ማናጀሩም፣ የጉዞው ቪዛም ያለው እዚያ ስለሆነ ሌላ ምርጫ አለው ለማለት ያስቸግራል።