የዘማች ሚስት በጦር ሰፈር

የጦርነት ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የጦር አለቆች ስም፤ የመድፉ ብዛትና የድሉ ቀን ነው። ወታደሩ ከአንዱ ውጊያ እስከ ሁለተኛው ድረስ ያለውን ረጅም ጊዜ በምን ኖረ፤ ማን አበላው፤ በታመመስ ጊዜ ማን ውኃ አቀበለው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዐድዋን ዘመቻ ለሚመረምር ሰው የዚህ ጥያቄ መልስ ቅርብ ነው፤ ይኸውም የወታደሩ ሚስት ናት።

በ1888 ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ ሠራዊት እንደ ዛሬው ለወታደሩ ሁሉ ቀለብ የሚያድል መምሪያ አልነበረውም። የሸዋው ወታደር በጥቅምት ወር ወደ ወረኢሉ ሲከት ጠመንጃውንና ዝናሩን ይዞ መጣ፤ ስንቁን በአህያ ጭና፤ የቀረውንም በጀርባዋ አዝላ የተከተለችው ግን ሚስቱ ናት። በስልቻው ውስጥ በሶ፤ ድርቆሽ፤ ቋንጣ፤ ቆሎና በርበሬ ነበረ።

ወታደሩ በእግሩ ሲሄድ እርስዋም በእግሯ ሄደች። ልዩነቱ የሚታየው ከሰፈር ከደረሱ በኋላ ነው። ድንኳን የሌለው የቅጠል ጎጆ ቀልሶ፤ ጠመንጃውን ወልውሎ ጋደም ሲል የእርስዋ ሥራ ገና መጀመሩ ነው። ውኃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ እህል ትፈጫለች። ምጣድ በሌለበትም ደንጊያ በእሳት አግላ፤ ሊጡን በላዩ ጠቅልላ በፍም ውስጥ ትጋግራለች፤ ይህም ብርኩታ የሚባለው የዘማች ዳቦ ነው። (በቤቱ ተቀምጦ ምሳ ዘገየ ብሎ የሚቆጣ ባል ሁሉ ይህን አንድ ቀን ሠርቶ ቢያየው መልካም ነበር።) ብዙ ሺሕ ሰው በሚወርድበት ምንጭ ዘግይታ የደረሰች ሴት የምትቀዳው ጭቃ ስለ ሆነ፤ ዶሮ ሳይጮኽ መነሣት ግድ ነበረባት።

ውኃ የሚቀዳ ሰው የውኃን ዋጋ ያውቃል። በጥር 1888 የኢጣልያ ጦር በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ተከቦ ሳለ፤ ምሽጉ በጥይት አልበገር ቢል ምንጩ ይያዝ የሚለውን ምክር ያቀረቡት እቴጌ ጣይቱ መሆናቸው በታሪክ ተጽፏል። በምሽጉ የነበረው ጦርም በውኃ ጥም ተጨንቆ ለቆ ወጣ። ምክሩ ከሴት መምጣቱ ብዙዎችን ያስደንቃል፤ እኛን ግን አያስደንቀንም።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ጦሮች በዐድዋ አቅራቢያ ተፋጠው ሲቀመጡ ጦርነቱ የስልቻ ጦርነት ሆነ። የጄኔራል ባራቲዬሪ ስንቅ ከምጥዋ በግመልና በበቅሎ የሚመጣ ነበርና በየካቲት አጋማሽ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ብቻ ቀርቶት ነበር። በኛም በኩል የአገሩ እህል በዚያ ሁሉ ሰው አልቆ፤ ዐፄ ምኒልክ ሰፈሩን ከዚያ ሊያነሡ ተቃርበው ነበር። እንግዲህ ቀድሞ የሚራበው ማን ነው የሚለው ነገር የመንግሥትን ዕድል የሚቆርጥ ሆነ። አንባቢ ሆይ፤ በዚያ ሰሞን የአንድ ቀኑን በሶ ለሁለት ቀን ያደረሰች፤ ለባሏም አቅርባ እኔ ጠግቤአለሁ ያለች ሴት አልነበረችም የሚል ማን ነው? ይህ በመዝገብ አልገባም። በመዝገብ የገባው ባራቲዬሪ ስንቁ ሲያልቅና መንግሥቱም ሲያጣድፈው በሌሊት ተነሥቶ መምጣቱ፤ የካቲት 23 ቀንም ድል መሆኑ ነው።

በዚያ ቀን ሴቶች በእቴጌይቱ ትእዛዝ ውኃ በገንቦ ተሸክመው ለተዋጊውና ለቆሰለው ሲያቀርቡ ዋሉ። ጥይት ሲበርድ ደግሞ ሌላ ሥራ መጣ፤ ይኸውም በሬሳና በቁስለኛ መካከል እየዞሩ የባልን ፊት መፈለግ ነው። ያገኘችው ነጠላዋን ቀዳ ቁስሉን አሰረች።

ከ40 ዓመት በኋላ በ1928 በማይጨው ዘመቻም ሚስቶች ስንቅ ተሸክመው ተከትለዋል፤ ነገር ግን በዚህ ጊዜ አውሮፕላን ከኋላ ያለውንም ስለሚደበድብ፤ የመርዙም ጢስ ወንድና ሴት ስለማይለይ፤ ከውጊያው መስመር ወደ ኋላ የሚባል ስፍራ አልተገኘም።

ዐፄ ምኒልክ ከዐድዋ ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት በግንቦት 1888 ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ጠመንጃውን በትከሻዋ፤ ባዶውን ስልቻ በአህያዋ ላይ አድርጋ ወደ መንደሯ ገባች። ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ማሳውም ገና አልታረሰም።