ዌብሳይታችሁን ስታድሱ የድሮውን አድራሻ አትግደሉት

ላሊበላ ውስጥ አስጎብኚ የሆነ ጓደኛዬ በቴሌግራም አንድ ስክሪንሾት ላከልኝ። የውጭ አገር ተጓዥ ከኮሮና በፊት የጻፈው ብሎግ ነው። ሰውዬው ጓደኛዬን አመስግኖ፣ ላሊበላ የሚሄድ ሁሉ እሱን እንዲፈልግ መክሮ የዌብሳይቱን ሊንክ አስቀምጦለታል። ጓደኛዬ ደስ ብሎት ሊንኩን ነካው። የመጣለት ግን «ገጹ አልተገኘም» የሚል ባዶ ገጽ ነው። 404።

ዌብሳይቱ እኮ አልተዘጋም። እንዲያውም ገና በቅርቡ ገንዘብ ከፍሎ ነው ያሳደሰው። ፎቶዎቹ ያምራሉ፣ በስልክም ቶሎ ይከፈታል። ችግሩ ሌላ ነው፤ የሠራለት ልጅ ዲዛይኑን ሲቀይር የየገጹን አድራሻም አብሮ ቀይሮታል። ከድሮው ወደ አዲሱ የሚያሻግር ነገር ግን አላስቀመጠም። ድሮ ጎግል ላይ ከላይ ይወጣ የነበረው ሳይት አሁን ወርዶ ወርዶ ማንም የማያየው ቦታ ደርሷል።

«ታዲያ ምን አለበት፣ ሊንክ ነው» የሚል ካለ የከተማዋን ያለፉት ዓመታት ያስብ። በ2012 መጋቢት ኮሮና መጣ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ገባ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። እንጀራዋ በእንግዳ ላይ ለቆመ ከተማ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ከደህናው ጊዜ የተረፈው ሀብት ያ ሁሉ ተጓዥ ብሎጉ ላይ የጻፈው ምስክርነትና ያስቀመጠው ሊንክ ነው።

ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ስለሆንኩ ሊንክን የማየው እንደ ካፒታል ነው። ጎግል ከተመሠረተበት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሌላ ሳይት ወደ እናንተ የሚያመለክትበትን ሊንክ እንደ ድምፅ ይቆጥረዋል። የታመነ ሳይት ሲሆን ድምፁ ይከብዳል። ያንን ሊንክ ግን እናንተ አትቆጣጠሩትም። ስድስት ሰባት ዓመት ያለፈውን ጽሑፍ «አስተካክልልኝ» ብላችሁ ጀርመን ያለ ሰው ጋ አትደውሉም። መቆጣጠር የምትችሉት ሊንኩ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ ነው።

ሪዳይሬክት የሚባለው ይኸው ነው፤ የድሮውን አድራሻ የነካ ሰው በራሱ ወደ አዲሱ እንዲሻገር ለሰርቨሩ መንገር። ላሊበላ ራሷ ድሮ ስሟ ሮሃ ነበር፣ በኋላ ነው በንጉሡ ስም የተጠራችው። ዛሬ አንድ ሰው ሄዶ ሮሃ የት ነው ቢል «እንዲህ የሚባል አገር የለም» ብሎ የሚመልሰው የለም፣ «እዚሁ ነህ» ይሉታል። የጓደኛዬ ዌብሳይት ግን ለእንግዳው ያለው «የለም» ነው።

ሁለት ቁጥር ያዙ፦ 301 እና 302። 301 ማለት ለዘለቄታው ተዛውሯል ነው። ጎግል ይህንን ሲያይ ዋናው አዲሱ ገጽ መሆኑን እንደ ጠንካራ ምልክት ይወስደዋል፣ የድሮው ገጽ ያጠራቀመውም ወደ አዲሱ ይሻገራል። 302 ለጊዜው ነው። ለምሳሌ ታኅሣሥ 29 ሲደርስ የጉብኝት ገጻችሁን ለጥቂት ሳምንት ወደ ገና ፕሮግራም ማዞር ብትፈልጉ 302 ልክ ነው፣ በዓሉ ሲያልፍ ታነሱታላችሁ። ቋሚ ለውጥ ላይ 302 ካደረጋችሁ ግን ለጎግል «እመለሳለሁ» እያላችሁት ነው። (በነገራችን ላይ ለገና በየዓመቱ አዲስ ገጽ መክፈት ትርፉ ድካም ነው። አንድ ቋሚ አድራሻ ያዙና ይዘቱን በየዓመቱ አድሱት።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ የድሮውን ገጽ ሁሉ ጠቅልሎ ወደ መነሻ ገጽ መላክ። ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ ለማንበብ የመጣ ሰው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ገጽ ላይ ሲጣል ይመለሳል። ጎግልም ቢሆን ይህን እንደ ጠፋ ገጽ ነው የሚቆጥረው። የይምርሐነ ክርስቶስ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ የአሸተን ማርያም የእግር ጉዞ ወደ አሸተን ማርያም፣ ገጽ በገጽ ነው መሆን ያለበት።

ሰንሰለቱም ሌላ ጣጣ ነው። ሀ ወደ ለ፣ ለ ወደ ሐ፣ ሐ ወደ መ። የጎግል ሮቦት እስከ 10 ድረስ ይከተላል፣ እንግዳችሁ ግን ላስታ ተራራ ላይ ሆኖ በደካማ ኔትወርክ እያንዳንዷን ዝላይ ይጠብቃል። ከሀ በቀጥታ ወደ መ ውሰዱት። ሪዳይሬክቱንም ቢያንስ አንድ ዓመት አታንሱት፤ የጎግል ምክር ይህ ነው። እኔ ከተጠየቅሁ ግን ዶሜይኑ እስካለ ድረስ ጭራሽ አትንኩት።

ዶሜይን ካነሳን፣ ስሙን ራሱ ለመቀየር ለሚያስብ ዋናው አደጋ የድሮውን ክፍያ ማቆም ነው። ክፍያው በዶላር ነው፣ ካርድ የለም፣ ኢንተርኔት ተቋርጧል፣ በቃ ጊዜው ያልፋል። ከዚያ ማንም ገዝቶ የቁማር ማስታወቂያ ሊሞላው ይችላል፤ ያ ሁሉ ምስክርነት ወደ ቁማር ቤት ይመራል። ይህ ንግድ ከመብዛቱ የተነሳ ጎግል በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ጊዜ ባለፈባቸው ዶሜይኖች መነገድን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል።

አድራሻ ስትመርጡ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። የግዕዝ ፊደል ሊንክ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ሊዘረዘር ይችላል፣ «ላሊበላ» ብቻ 36 ይሆናል ማለት ነው። ፌስቡክ ላይ ስትለጥፉት የእባብ መንገድ ይመስላል። ርዕሱ በአማርኛ፣ አድራሻው በአጭር የላቲን ፊደል ቢሆን ይሻላል።

ዌብሳይት የለኝም፣ ቻናል ነው ያለኝ የምትሉም አላችሁ። ቴሌግራም ላይ ዩዘርኔም ስትቀይሩ የድሮው ሊንክ ወደ አዲሱ አያሻግርም፣ የተውትን ስም ሌላ ሰው ሊወስደው ይችላል። እዚያ ላይ 301 የሚባል ነገር የለም።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። የድሮ ገጾቹን ዝርዝር እሱም አያስታውስም፣ የሠራለት ልጅም አላስቀረም። ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የድሮውን ዌብሳይት ቅጂ አገኘነው፣ ሰርች ኮንሶል ደግሞ 404 የሆኑትን ዘረዘረልን። ሃያ ምናምን ገጽ ነበር። በአንድ ማታ፣ እሱ በስልክ እየነገረኝ እኔ እየጻፍኩ፣ አንድ በአንድ ከአዲሶቹ ጋር አገጣጠምናቸው። ሦስቱ አዲስ ገጽ ስላልነበራቸው ጽሑፋቸውን ከቅጂው አውጥተን መለስናቸው። ዶሜይኑን ውጭ አገር ያለች እህቱ ለአምስት ዓመት ከፈለችለት።

የተጓዡ ሊንክ አሁን ሲነካ ይከፈታል። ጎግል ላይ ያለው ቦታ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፣ ሳምንታት ይፈልጋል። ጓደኛዬ ግን በየጠዋቱ እየፈለገ ስክሪንሾት ይልክልኛል፤ ትናንት ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሶ ነበር።