ለቤት ኮምፒዩተር ዕቃ ከመግዛት አስቀድሞ ሊመረመር ስለሚገባው ነገር

ቁልፍ ሁሉ ከብረት ይሠራል፤ ነገር ግን ቁልፍ ሁሉ አንዱን በር አይከፍትም። ለቤት የሚገዛ ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ማማሩና ዋጋው መርከሱ ብቻ ሳይሆን ከሚገባበት ቦታ ጋር መስማማቱ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል። ዛሬ ልንናገር ያሰብነው በብዙ ቤት ስለሚገኘው ስለ ኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተር አርጅቶ ሥራው ሲዘገይ፥ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ራሙን መጨመርና ሀርድ ዲስኩን ኤስኤስዲ በሚባለው ፈጣን ማስቀመጫ መለወጥ ወጪ የሚቀንስ ብልኅነት ነው። ዳሩ ግን ሳይመረምር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ከገንዘብ የሚበልጠውንም ሊያጣ ይችላል። ይኸንንም በራሳችን ደርሶ አይተነዋል።

በቤታችን የነበረው ላፕቶፕ የቤቱ ሒሳብና የልጆቻችን ትምህርት፥ ከዚያም በላይ ያረፉት እናታችን ፎቶግራፍና በድምፅ የተቀረጸው ምርቃታቸው የተቀመጠበት ነበር። ሀርድ ዲስኩ መዘግየትና እንግዳ ድምፅ ማሰማት በጀመረ ጊዜ፥ ኤም2 የሚባል ባዶ ማስገቢያ በውስጡ መኖሩን ሰምተን ለዚያ የሚሆን ኤስኤስዲ ገዛን። ዕቃው ገብቶ ልክ ሆነ፤ ቡሎኑም ታሰረ፤ ኮምፒዩተሩ ግን ጨርሶ አላየውም። በኋላ እንደ ተረዳነው ማስገቢያው የሚቀበለው ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ዓይነት ብቻ ሲሆን፥ እኛ የገዛነው ሳታ የሚባለውን ነበር። ሻጩም ማሸጊያው ተከፍቷልና አልመልስም አለ። ሌላ ስንፈልግ ሁለት ሳምንት አለፈ፤ በዚህ መካከል አሮጌው ዲስክ ፈጽሞ ቆመ። ፎቶግራፎቹን ከዘመዶቻችን አሰባስበን አገኘናቸው፤ የእናታችን ድምፅ ግን ሌላ ቅጂ አልነበረውምና ዳግመኛ አልተገኘም። አንባቢዎቻችን ከዚህ ኀዘን ይጠበቁ ዘንድ የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፤ ከሁሉ አስቀድሞ በአሮጌው ዲስክ ያለውን ሁሉ በሌላ ዲስክ መገልበጥ ነው። ይህ የሚደረገው ዕቃው ከተገዛ በኋላ ሳይሆን ገበያ ከመውጣት በፊት ነው። ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ የተዘጋ እንደ ሆነ ቁልፉን በወረቀት ጽፎ ማኖር ይገባል።

2ኛ፤ የኮምፒዩተሩን ስም እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቦ መጻፍ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ዓ.ም. የወጡት ቲንክፓድ ቲ480 እና ቲንክፓድ ቲ480ኤስ የሚለዩት በስማቸው ባንድ ፊደል ነው። የመጀመሪያው ሁለት የራም ማስገቢያ ሲኖረው፥ ሁለተኛው ግን ከራሙ አንዱ ክፍል በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለ ሆነ የሚለወጠው አንዱ ብቻ ነው። ደግሞም ለቲ480 የሚሆነው የ2.5 ኢንች ዲስክ በቲ480ኤስ ውስጥ ቦታ የለውም። ራሙ በሙሉ የተበየደባቸው ሌሎች ላፕቶፖችም አሉ፤ ለነዚህ ራም መግዛት ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ ሠሪው ኩባንያ ለዚያው ሞዴል ያወጣውን መግለጫ ማንበብ ያስፈልጋል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ተጭኖ በሚከፈተው ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለውን ያየ ሰው፥ ስንት ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደ ተያዘ ይረዳል።

3ኛ፤ የራሙን ትውልድ መለየት ነው። ዲዲአር3፥ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ በጠርዛቸው ያለችው ክፍተት ቦታዋ ይለያያልና። ባይገባ በግድ መጫን ማስገቢያውን መስበር ነው። የላፕቶፑ ራም አጭር፥ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ራም ረጅም መሆኑም አይዘንጋ። ይልቁንም ሰውን የሚያታልለው ገብቶ የማይሠራው ነው። ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት፥ ዲዲአር3ኤል ግን በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ መልካቸው አንድ ሲሆን ዝቅተኛውን ቮልት ብቻ የሚቀበሉ ላፕቶፖች አሉ። ፍጥነታቸው ልዩ ልዩ የሆኑ ሁለት ራሞች ባንድነት ሲሠሩም ፈጣኑ በዘገምተኛው ልክ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለፈጣኑ የተጨመረው ዋጋ ጥቅም አይሰጥም። ማዘርቦርዱ ከሚችለው መጠን በላይ መግዛትም እንዲሁ ነው።

4ኛ፤ የማስቀመጫውን ልክና ዓይነት ማወቅ ነው። በ2.5 ኢንች ዲስኮች መካከል ውፍረታቸው 7 ሚሊ ሜትርም 9.5 ሚሊ ሜትርም የሆነ አለ፤ ወፍራሙ በቀጭኑ ቦታ አይገባም። በኤም2 ላይ 2280 የሚል ቁጥር ቢታይ ወርዱ 22፥ ቁመቱ 80 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከልኩ ቀጥሎ እኛን ያሳተንን ነገር መጠየቅ ይገባል፤ ይኸውም ማስገቢያው የሚቀበለው ሳታ ነውን ወይስ ኤንቪኤምኢ ወይስ ሁለቱንም የሚለው ነው። የሳታው ፍጥነት በሴኮንድ ከ600 ሜጋባይት አያልፍም፤ ኤንቪኤምኢ ግን ይህን ብዙ እጥፍ ያልፋል። ይሁን እንጂ ከአሮጌ ሀርድ ዲስክ ለሚወጣ ቤት ሳታውም ቢሆን ታላቅ ለውጥ ስለ ሆነ፥ ማስገቢያው የሚቀበለው ሳታን ብቻ ነው ብሎ ማዘን አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ምርመራ ከአንድ ሰዓት የበለጠ ጊዜ አይወስድም። የተገኘውንም ባንዲት ወረቀት ጽፎ ወደ ገበያ ይዞ መሄድ፥ ዕቃው ባይስማማ ይመለስ እንደ ሆነም ማሸጊያው ሳይከፈት ከሻጩ ጋር መነጋገር መልካም ነው። በተሳሳተ ዕቃ የወጣ ገንዘብ በሥራ ይተካል፤ ቅጂ ሳይኖረው የጠፋ የእናት ድምፅ ግን በምንም አይተካም። እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሁሉ ኮምፒዩተሩን ዛሬ ቢያፋጥነው ባያፋጥነውም፥ በውስጡ ያለውን ከመገልበጥ እንዳይዘገይ አደራ እንላለን።