ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦ

አባቶቻችን «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ሲሉ ይተርቱ ነበር። ዛሬ በቅሎዪቱ በመኪና፣ ጭብጦዪቱም በቅጣት ወረቀት ተተካች እንጂ ነገሩ ያው ነው።

በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረችው ሐዋሳ ሰፋፊ መንገዶች ቢኖሯትም ዛሬ በባጃጅና በመኪና ተጨናንቀዋል። ባለፈው ዓመት የአንድ ተማሪዬ አባት፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣ በገብርኤል አደባባይ አጠገብ አንዲት ሕመምተኛ ሊያወርድ ለአፍታ ቆመና ተቀጣ። መቀጮው የዕለት እንጀራው ነበር። ልጁም «ቲቸር፣ አባቴ ለምን ብሎ መጠየቅ ይችላል ወይ?» አለኝ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ ይችላል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው አካል የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዳሩ ግን አቤቱታ የሚረታው በቁጣ ሳይሆን በማስረጃ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ እጅዎ እንደገባ አራት ነገሮችን ይመርምሩ።

አንደኛ፣ የሰሌዳው ቁጥር፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና ቦታው በትክክል ተጽፏልን?

ሁለተኛ፣ ምልክቱ ይታይ ነበርን? ዛፍ ጋርዶት ወይም ወድቆ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ፎቶግራፍ ያንሡት።

ሦስተኛ፣ የተከለከለው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና በተደረገው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት መሠረት፣ በሰማያዊ ክብ ላይ አንድ ቀይ ሰያፍ መስመር ያለው ምልክት የሚከለክለው አቁሞ መቆየትን ነው እንጂ ሰው ለማውረድ ለአፍታ መቆምን አይደለም። ሁለት የተመሳቀሉ መስመሮች ያሉበት ግን ሁለቱንም ይከለክላል።

አራተኛ፣ የቆሙት በግድ ነበርን? መኪናው ተበላሽቶ ከሆነ የመካኒኩን ደረሰኝ፣ በሽተኛ አሳፍረው ከነበረ የሐኪም ወረቀት ያቅርቡ።

ማመልከቻዎን የመክፈያው ቀን ሳያልፍ በጽሑፍ ይስጡ፤ ቅጂውንም ያስቀሩ። «ሌሎችም ቆመዋል»፣ «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው» ማለት ግን ምክንያት አይሆንም። ሕግ አለማወቅም ከቅጣት አያድንም።

የተማሪዬ አባት ምልክቱ ባለ አንድ መስመር መሆኑን በፎቶግራፍ፣ የሴትዮዋን ሕመም በሐኪም ወረቀት አስረዳ፤ ቅጣቱም ተሰረዘለት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በእግረኛ ማቋረጫ ላይ አቁሞ ተገኘ፤ ያለ ክርክርም ከፈለ። ልጁ ይህን ሲያወራኝ «የዚያኛው ገንዘብ አልቆጨውም» አለኝ።