አምፕሊፋየርና ስፒከር፦ ከጀርባ የተጻፈችው ቁጥር

ቤሩት ውስጥ የአርመኒያ ጎዳና በማር ሚካኤል በኩል ያልፋል፤ ማታ ማታ በመጠጥ ቤቶቹ የሚደምቅ መንገድ ነው። የሊባኖስ ኤሌክትሪክ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ሰፈር ነው፤ ጎረቤቶቹ ግን ለመብራት ለጄኔሬተር ባለቤቶች ሲከፍሉ ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ባለ ሰፈር፣ ጠባብ መድረክ ላይ የሚጫወት ጊታሪስት ከባዱን የስፒከር ሳጥን መሸከም አይቀናውም። አምፕሊፋየሩን ብቻ ይዞ ይመጣና መጠጥ ቤቱ ያለው ሳጥን ላይ ይሰካል። አምፕሊፋየሩ 8 ኦም ሲል ሳጥኑ 4 ወይም 16 ቢልስ?

በኦም የሚለካው ስፒከሩ ለኮረንት የሚያሳየው ተቃውሞ፣ ማለትም ኢምፔዳንስ ነው። 8 ኦም የተጻፈበትን ስፒከር በቴስተር ቢለኩት ከ6 እስከ 7 ያሳያል። ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት፤ ቴስተሩ የሚለካው ሽቦውን ብቻ ሲሆን ኢምፔዳንሱ ግን እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ከፍ ዝቅ ይላል።

የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ሒሳብ ቀላል ነው። 20 ቮልት ቢያወጣ፣ 8 ኦም ላይ 2.5 አምፒርና 50 ዋት ይሰጣል። 4 ኦም ላይ 5 አምፒርና 100 ዋት ይሆናል፤ ለዚያ ካልተሠራ ይግላል፣ ይቃጠላል። 16 ኦም ቢሰኩበት ድምፁ ይቀንሳል እንጂ አይጎዳም።

ቲዩብ (ቫኩም ቱቦ) ያለው አምፕሊፋየር ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ቲዩብ ብዙ ቮልት፣ ጥቂት ኮረንት ይሰጣል፤ ስፒከር የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። መሐል ገብቶ እንደ ሽማግሌ የሚያስማማቸው ትራንስፎርመር ነው። የሽቦው ጥቅል 20 ለ 1 ከሆነ ኢምፔዳንሱ በ400 ይባዛል፤ 16 ኦም ስፒከር ለቲዩቡ 6400 ኦም ሆኖ ይታየዋል። በዚያው መውጫ 8 ቢሰኩ 3200 ይሆናል። ይህን ያህል ልዩነት ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ድምፁ ይለወጣል፣ ቲዩቡም ቶሎ ሊያረጅ ይችላል። ከዚያ በላይ መሄድ ግን ድፍረት ነው። የከፋው ጭራሽ ስፒከር ሳይሰኩ መጫወት ነው፤ ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ብልጭ ብሎ ሽቦውን ሊያቃጥል ይችላል።

ለዚህ መዘበራረቅ ፋብሪካዎቹም ድርሻ አላቸው። የጂም ማርሻል ሱቅ እ.ኤ.አ. በ1962 ለንደን ላይ የመጀመሪያውን የማርሻል አምፕሊፋየር የሠራው ባስማን የተባለውን የፌንደር አምፕሊፋየር ተከትሎ ነበር። ይሁንና የማርሻል ባለ 4 ስፒከር ሳጥን በብዛት 16 ኦም ሲሆን፣ የፌንደር ሱፐር ሪቨርብ 2 ኦም ነው። ሁለቱን ማገናኘት ስምንት እጥፍ ልዩነት ነው!

ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ሲሰኩ ደግሞ ኦሙ ይቀንሳል፤ ሁለት ባለ 16 አንድ ላይ 8 ናቸው። 8 እና 16 ቢቀላቀሉ 5.3 ይሆናል፤ ከኃይሉም ሁለት ሦስተኛውን ባለ 8ቱ ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. ከ2019 የኢኮኖሚ ቀውስ ወዲህ የሊባኖስ ፓውንድ ከ90 በመቶ በላይ ዋጋውን አጥቷል፤ ከውጭ የሚመጣ ትራንስፎርመር ደግሞ በዶላር ነው። አዲስ አበባም ቢሆን መለዋወጫው ርካሽ አይደለም። ስለዚህ ከመሰካትዎ በፊት የሁለቱንም ጀርባ ያንብቡ፤ ለስፒከርም የጊታር ገመድ ሳይሆን ወፍራሙን የስፒከር ገመድ ይጠቀሙ።